የማዕቀብ ጉዳትና የጦርነት ጉዳት

አንድ መንግሥት ሌላውን በጦር ሳይሆን በንግድ ለማስጨነቅ የሚያደርገው ክልከላ ማዕቀብ ይባላል። ምክንያቱንና ውጤቱን ሊቃውንት ብዙ ዘመን ሲመረምሩ ኖረዋል፤ ለዚህም ምርመራ ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት ምስክር ይሰጣሉ።

ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር የጣለባት ማዕቀብ ኅዳር 8 ቀን ጸና። ነገር ግን ነዳጅ ዘይት ከክልከላው ውጭ ቀረ፤ የስዌዝም ቦይ አልተዘጋም። ከ18 ቀን በኋላ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ሳሉ የጠላት አይሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቡ። በሚያዝያ ጠላት ደሴ ገባ፤ በሐምሌም ማኅበሩ ማዕቀቡን አነሣ። ዋናውን ነገር የተወ ክልከላ ወራሪን ሊያቆም እንደማይችል ከዚህ ይታወቃል።

ሁለተኛው ምስክር የኮምቦልቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ለውጭ አገር ገበያ ይሰፋ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱን ከተሞች አገኛቸው፤ መንግሥትም መልሶ መያዙን ኅዳር 27 ቀን አስታወቀ። ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን፣ አሜሪካ በጦርነቱ ተፈጸመ ያለችውን የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርጋ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ይህ ያለ ቀረጥ የመሸጥ ዕድል መነፈግ እንጂ ፍጹም ክልከላ ባይሆንም፣ ሥራው ከማዕቀብ ጋራ ይቀራረባል።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ እንጀራዋን ያጣች ሠራተኛ ብትኖር፣ የጎዳት ጦርነቱ ነው ወይስ የገበያው መዘጋት? ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቋጠሮ የሚፈቱት በማነጻጸር ነው። ሐዋሳ ያንኑ ገበያ አጥታለች፤ ጦርነቱ ግን ከተማይቱ ድረስ አልደረሰም። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት የጦርነቱን ድርሻ በመጠኑ ያመለክታል። በመጠኑ የተባለውም ጦርነት የአገርን ሁሉ ንግድ ስለሚነካ ነው።

ይሁን እንጂ መዝገብ ከሌለ ማነጻጸር የለም። ጥፋትን ሁሉ በባዕድ ማላከክ ወይም ሁሉን በጦርነት ማሳበብ ቀላል ነው፤ ለሥራ አጡ ግን አይረባውም። ለፈረሰ ፋብሪካ የሚያስፈልገው ጥገና፣ ለተዘጋ ገበያ የሚያስፈልገው ሌላ ገበያ ነውና። ስለዚህ ሹማምንት የጠፋውን በየምክንያቱ ለይተው መጻፍ፣ ካህናትም በየአጥቢያቸው የተቸገረውን ቤተ ሰብ ማስመዝገብ ይገባቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።