ማንኮራፋት ሁሉ የእንጥል ጉዳይ አይደለም

ጉቴም ልሂድ ነቀምቴ ዘመድ ልጠይቅ፣ ሕፃን ባለበት ቤት የማይቀር ጥያቄ አለ። «ይሄ ልጅ ሌሊቱን ሲያንኮራፋ ነው የሚያድረው፤ እንጥሉ ወርዶ ይሆን?» ትላለች አኮ። ቀጥሎ የሚነሳው እንጥል ቆራጭ የት ሰፈር እንደሚገኝ ነው። ዛሬ በዚሁ ላይ እንነጋገር።

እንጥል ማስቆረጥ ጎጂ ልማድ ነው። ብዙ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ የጠበበውን የትንፋሽ መንገድ ግን አይከፍትም። ልጆች በየሌሊቱ የሚያንኮራፉት ብዙውን ጊዜ ቶንሲላቸው፣ ወይም ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው አዴኖይድ የሚባለው ሥጋ ስለሚያድግ ነው። ይህ ሐኪም ዘንድ መፍትሔ አለው።

በጥቂት ልጆች ላይ ግን ከማንኮራፋቱ ጀርባ ከዘር የሚመጣ በሽታ ይኖራል። ስሙ ሙኮፖሊሳካራይዶሲስ ይባላል፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1917 በሁለት ወንድማማቾች ላይ አይቶ የጻፈው ቻርልስ ሃንተር የተባለ በካናዳ የሚሠራ ሐኪም ነው። ሰውነታችን ያገለገሉ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶችን የሚሰባብርበት ኢንዛይም አለው። ኢንዛይሙ ሲጎድል ሰንሰለቶቹ በምላስ፣ በቶንሲል፣ በጉሮሮና በአየር ቧንቧ ውስጥ ይጠራቀማሉ። መንገዱም ቀስ በቀስ ይጠባል።

ልጁ ሲወለድ ጤናማ ይመስላል። ከጊዜ በኋላ ምላሱ ይተልቃል፣ ሆዱ ይነፋል፣ እምብርቱ ይገፋል፣ ጣቶቹ አልዘረጋ ይላሉ፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ጆሮው ይመላለስበታል። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ከማንኮራፋት ጋር ከተገናኙ ለሐኪሙ በአንድነት ይነገሩ።

ትልቁ አደጋ ለቀላል ቀዶ ሕክምና እንኳ ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥ ነው። አንገቱ አጭርና ግትር፣ አፉም በደንብ የማይከፈት ስለሚሆን የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ያስቸግራል። ስለዚህ ሐኪሞቹ አስቀድመው ማወቅ አለባቸው፤ ልምድ ያለው የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ተለዋጭ መሣሪያ፣ ከአንገት በላይ ሐኪምም በአጠገብ ሊኖሩ ይገባል። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ቢከብድም ሪፈር ከተጻፈላችሁ «ለእምብርት ይህን ያህል?» አትበሉ።

ሕክምናውስ? ቶንሲልና አዴኖይድ ማውጣት ይረዳል፤ ሥጋው ግን ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ሌሊት በጭምብል አየር የሚገፋ መሣሪያም አለ። ሲብስ አንገት ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ ይከፈታል። ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች የጎደለውን ኢንዛይም በደም ሥር መስጠት ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተጀምሯል፤ ዋጋው ግን ለባለጠጋ አገርም ከባድ ነው።

እናትን መውቀስ አይገባም። ቡዳም እርግማንም አይደለም። በአብዛኞቹ ዓይነቶች አባትም እናትም ሳያውቁት የተሸከሙት ነው፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ይታመማል። ሃንተር ያየው ዓይነት ደግሞ በእናት በኩል ይተላለፋል፤ የሚታመሙት ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። አባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው መጋባታቸው እንዲህ ያለውን በሽታ ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጁ ሲተኛ ጠጋ ብላችሁ ስሙ። ትንፋሹ ቆም እያለ በድንገት ይስባል? ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ነው የሚተኛው? በሞባይላችሁ ቅረጹትና ለሐኪም አሳዩ። እስከዚያ በጎኑ አስተኙት፤ ሐኪም ያላዘዘውን የሚያስተኛ ሽሮፕም አትስጡት። ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ንጋትን አትጠብቁ።