የመኰንኖች ወዳጅነት ሕግ አይሆንም

«በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል በአገራችን የሚሸሸውን ሰው የሚያቆም፣ የተነሣውንም ዱላ የሚያስወርድ ቃል ነበር። ያለ ዘብና ያለ ጠብመንጃ ይህን ያህል ኀይል የሰጠው፣ ተናጋሪውም ሰሚውም በአንድ ሕግ ሥር የሚኖሩ መሆናቸው ነው። ሞያሌ ግን ለሁለት መንግሥታት የተከፈለች ከተማ ስለ ሆነች፣ በዚያ ጥቂት እርምጃ የተራመደ ሰው ከኢትዮጵያ ሕግ ወጥቶ ወደ ኬንያ ሕግ ይገባል። በዚያ ሥፍራ «በሕግ አምላክ» ያለ ሰው «በየትኛው ሕግ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው ምንድን ነው?

ይህን ጕዳይ ባነሣን ቍጥር ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። አንደኛው «የሁለቱ አገር የፖሊስ ሹማምንት ይተዋወቃሉ፤ ሲያሻቸው በስልክ ይነጋገራሉ፤ ሕግ ይውጣ ማለት እጃቸውን ማሰር ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የባዕድ ፖሊስ አፈራችንን እንዲረግጥ የሚፈቅድ ሕግ ልዑላዊነትን አሳልፎ መስጠት ነው» ይላል። ሁለቱ መልሶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ቢመስሉም መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ወሰኑን ያለ ሕግ መተው ነው።

በእርግጥ ከቱርካና ሐይቅ አንሥቶ እስከ ዳዋ ወንዝ ድረስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን ጨርሶ ውል ያልተጻፈበት ምድር አይደለም። በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል፣ ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩት ነገዶች እንደ ቀድሞው በማዶው ግጦሽ እንዲጠቀሙና ወደ ውኃ ጕድጓዶቹም እንዲደርሱ ፈቅዶላቸዋል። መንጋውን ይዞ የተሻገረ ሰውም በገባበት አገር ሥልጣን ሥር እንዲሆን ወስኗል። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና ነጻይቱ ኬንያ ወሰኑን በውል አጸኑት። በዚያ በመጀመሪያው ዘመን ውሉን የጻፉት ሰዎች፣ አብዛኞቹ ያን ቈላ በዐይናቸው ሳያዩት፣ ስለ ላሚቱና ስለ ጕድጓዱ ማሰባቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ላሚቱን የነዳውን ሌባ ግን ማን ይዞ፣ በምን ዐይነት ወረቀት፣ ለማን እንደሚያስረክብ አልጻፉም።

አንድ ሰው በሌሊት ከብት ነድቶ ወሰኑን ተሻገረ እንበል። ባለ ከብቱ ሲነጋ ዱካውን ተከትሎ እስከ መሥመሩ ደርሶ ወደ ፖሊስ ይመለሳል። የጣቢያው ሹም የማዶውን ሹም የሚያውቀው እንደ ሆነ ስልክ ይደውላል፤ ከብቱም ምናልባት ይገኛል። የማያውቀው እንደ ሆነ ግን ባለ ከብቱ ፍርድን በገዛ ጦሩ ሊፈልግ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ጕዳዩ የከብት መሆኑ ቀርቶ የደም ይሆናል። ሹሙ ወደ ሌላ ሥፍራ በተዛወረ ጊዜ ትውውቁም አብሮት ይዛወራል። በኛ በኩል የፌዴራል ፖሊስም የክልል ፖሊስም አለ፤ በኬንያ በኩል ብሔራዊ የፖሊስ አገልግሎት አለ። ከነዚህ ማን ለማን እንደሚጽፍ በሕግ ያልተወሰነ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ሌላው ይጽፋል ብሎ ይተኛል።

የስልኩ መንገድ ከመሥራት ይልቅ ሲሠራ የበለጠ ያስፈራናል። አንድ ተጠርጣሪ በማዶው ፖሊስ ተይዞ፣ ለወዳጅነት ሲባል፣ ያለ አንዳች ጽሑፍ በሌሊት ወደዚህ ተገፍቶ ቢሰጥ ምን ይሆናል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። የኬንያ ሕገ መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው በአንቀጽ 49 ይህንኑ በ24 ሰዓት ይወስናል። ታዲያ የዚህ ሰው ሰዓት መቈጠር የሚጀምረው ከየት ነው? ኬንያ «በእኔ እጅ አልነበረም» ብትል፣ ኢትዮጵያም «ትናንት አልያዝሁትም» ብትል፣ በሁለት ሕገ መንግሥታት የተጠበቀው ሰው ሁለቱንም አጣ ማለት ነው። የያዘው መኰንን ስም በየትኛውም መዝገብ አይገኝም።

በዚህ መንገድ የሚሻገረው ሌባና ነፍሰ ገዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ሥርዓት ብቻ በተከራከርን ነበር። ዳሩ ግን ወሰን የሚሻገረው ከፍርድ የሚሸሽ ሰው ብቻ አይደለም፤ በአሳቡ ምክንያት የሚሳደድም ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1969 በዚሁ በአዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነት እንዲህ ያለውን ሰው ሕይወቱና ነጻነቱ ወደሚያሰጋበት አገር መመለስን ይከለክላል። ስልክ ግን ወንጀለኛውን ከስደተኛው አይለይም፤ የሚለየው በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄ፣ ጥያቄውንም የሚመረምር ዳኛ ነው።

ደግሞም የእጅ በእጅ ርክክብ ለራሱ ለፍትሕ እንኳ አይጠቅምም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊ ለውጭ አገር ተላልፎ እንዳይሰጥ ከልክሎ፣ በአገሩ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ ያዝዛል። እንግዲያስ በማርሳቢት ሰው ገድሎ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ የሚፈረደው እዚህ ነው። ምስክሮቹ ግን በማርሳቢት ናቸው፤ የሬሳው ምርመራ ወረቀት በማርሳቢት ነው፤ ደም የነካው ልብስም ያለው እዚያው ነው። እነዚህን በሕግ አስመጥቶ ለዳኛው የሚያቀርብ ሥርዓት ከሌለ፣ ተከሳሹ በማስረጃ እጥረት ይለቀቃል፤ የሟቹም ወገን ኢትዮጵያ ነፍሰ ገዳይ ትደብቃለች ይላል። ስለ ፖሊስ መተባበር የሚናገሩ ሰዎች ስለ ማሳደድ አብዝተው፣ ስለ ማስረጃ ግን አሳንሰው መናገራቸው ሁልጊዜ ይገርመናል።

ይህ ችግር በኛ ብቻ የደረሰ አይደለምና ስለ አይርላንድ ደሴት እናውሳ። ደሴቲቱ በአይርላንድ ሪፐብሊክና በብሪታንያ ሥር ባለችው በሰሜን አይርላንድ መካከል የተከፈለች ናት። የሁለቱ ወገን ፖሊሶች ለብዙ ዘመን ሲረዳዱ የኖሩት በሹማምንቱ ትውውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1989 ሁለት ከፍተኛ የሰሜን አይርላንድ የፖሊስ መኰንኖች፣ ሃሪ ብሪንና ቦብ ቡካናን፣ በደንዶክ ከተማ ከማዶው ባልደረቦቻቸው ጋር ተነጋግረው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተደብቀው በጠበቋቸው ታጣቂዎች ተገደሉ። ጕዳዩን የመረመሩት ዳኛ ስሚዝዊክ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ዘገባ፣ ከደንዶክ የፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ለገዳዮቹ የተባበረ እንደ ነበረ ማመናቸውን ገለጹ። እውነቱን ለመፈለግ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። ወዳጅነቱ ቅን ነበር፤ ቅንነቱ ግን ማንንም አላዳነም።

እነዚያ አገሮች ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ መተባበርን አልተዉትም፤ በሕግ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ፈረሙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የአይርላንድ ምክር ቤት የፖሊስ ትብብር ሕግ አወጣ። በዚህ ሥርዓት የአንዱ ወገን መኰንን እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ወደ ሌላው ወገን ተመድቦ፣ በዚያው አለቃ እየታዘዘ፣ በዚያው አገር ሕግ እየተጠየቀ ሊሠራ ይችላል። ሕጉ ሙሉ ነው አንልም። በዚያ ወሰን ሌባ የሚያሳድድ ፖሊስ ዛሬም ከመሥመሩ ላይ መቆም አለበትና። ሆኖም የተፈቀደው ምን እንደ ሆነ፣ ያልተፈቀደውም ምን እንደ ሆነ ማንም ዜጋ አንብቦ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ልዑላዊነት ጠበቆች እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1990 የተፈረመው የሸንገን ስምምነት፣ እጅ ከፍንጅ ሊያዝ ሲል የሸሸን ወንጀለኛ የሚያሳድድ ፖሊስ ወደ ጎረቤት አገር እንዲገባ ይፈቅዳል። ፈቃዱን ግን በስንት ማሠሪያ እንዳሰረው ተመልከቱ! ፖሊሱ ቢዘገይ መሥመሩን ሲሻገር ለአገሩ ባለሥልጣን ማስታወቅ አለበት። «ቁም» በተባለ ጊዜ ይቆማል። ከሰው ቤት አይገባም። ማንነቱ በልብስ ወይም በምልክት መታወቅ አለበት። መሣሪያውን ራሱን ለመከላከል ካልሆነ በቀር አይተኵስም፤ ሲጨርስም ስላደረገው ሁሉ ያስታውቃል። ያደረሰውን ጕዳት ጕዳቱ የደረሰበት አገር ልክ የራሱ ፖሊስ እንዳደረሰው ቈጥሮ ይክሳል፤ ገንዘቡን ከላኪው አገር ይቀበላል። በዚህ ሥርዓት ጥይት በሬውን የገደለበት ገበሬ በባዕድ አገር ፍርድ ቤት ደጅ አይጠናም። ልዑላዊነት የሚደፈረው በሩን በቍልፍ የሚከፍተው ባለቤቱ ሲሆን ነው ወይስ በሩ ያለ መዝጊያ ሲቀር?

«ስምምነት አለ እኮ» የሚሉንም አሉ። አለ። የምሥራቅ አፍሪካ የፖሊስ አዛዦች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1998 በካምፓላ ተመሥርቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በኢጋድ ጥላ ሥር ወንጀለኛን አሳልፎ ስለ መስጠትና በሕግ ስለ መረዳዳት ስምምነቶች ተዘጋጅተዋል። እኛ ስምምነት አነሰ አላልንም። በናይሮቢ ወይም በአዲስ አበባ አዳራሽ የተፈረመ ወረቀት ለሞያሌው የፖሊስ አባልና ለዳኛው በዝርዝር ሕግ ካልተመነዘረ፣ ሥራው ለአልበም የሚሆን ፎቶግራፍ ማስነሣት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በሰሜን ኬንያ የቦረናና የገብራ ሽማግሌዎች በማይኮናና በዋልዳ ተቀምጠው ሰላምን የሚያጸና ደንብ በጽሑፍ አውጥተዋል። ብዕር የማይጨብጡ ሽማግሌዎች ያሉበት ጉባኤ ሕጉን ሲያስጽፍ፣ የሕግ ባለሙያ ያልቸገራቸው መሥሪያ ቤቶች «በስልክ እንነጋገራለን» ማለታቸው ሊያሳፍራቸው ይገባል።

በ2013 ዓ.ም. በሞያሌ የተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ፣ የሁለቱ አገር የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሠራተኞች በአንድ ሥፍራ ጐን ለጐን እንዲሠሩ የታሰበ ነው። ይህንንም ያለ ስምምነትና ያለ ደንብ መጀመር አይቻልም ነበር። ለጭነት መኪና የታሰበው ለሰው ነጻነት የማይታሰብበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ የሚወጣው ሕግ ጥያቄ የሚቀበለውንና የሚልከውን አንድ መሥሪያ ቤት በስሙ ይጥራ። የተያዘው ሰው ሰዓት በመጀመሪያ ከተነካበት ደቂቃ ይቈጠር። ርክክብ በዳኛ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር አይፈጸም፤ ያለ ትእዛዝ ያስረከበና የተረከበ መኰንን በወንጀል ይጠየቅ። ከማዶ የመጣ ማስረጃ በፍርድ ቤታችን ተቀባይነት የሚያገኝበት ሁኔታ ይዘርዘር። ለተጐዳ ሰው ካሣ የሚከፍለው መንግሥት ይታወቅ። የቀረውን የሕግ አርቃቂዎች ከኛ ይበልጥ ያውቁታል።

አንድ ነገር ግን ለእነርሱም አንተወውም። ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን ያገኘው ሕዝብ ሁሉ ሰምቶት ከሚሰበሰብበት ከነጋሪት ነው፤ የሚታተመው ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ከብቱን ይዞ መሥመሩን የሚሻገረው አርብቶ አደር ስለ ሆነ፣ ረቂቁ ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በስዋሂሊ ይተርጐም፤ በሞያሌም በወሰኑ ግራና ቀኝ፣ በገበያ ቀን፣ በውኃ ጕድጓዶቹም ዳር ጮክ ተብሎ ይነበብ።