አጥንት ቈጣሪዎች

ወጣቶች ሆይ፥ በአገራችን ሁለት ልጆች ሲዋደዱ ከጠባያቸውና ከሙያቸው አስቀድሞ የሚጠየቅ ነገር አለ፤ «አጥንቱ ምንድን ነው?» ይባላል። የአንደኛው አባት ቀጥቃጭ፥ የሌላዪቱ እናት ሸክላ ሠሪ የሆነች እንደ ሆነ ጋብቻው በዚያው ይቀራል። ይህ ልማድ ግፍ ነው፤ ከግፍነቱም በላይ ሐሰት ነው።

አጥንት ቈጣሪው ሰባት ቤት ቈጥሮ ከአንድ ታላቅ ጌታ ሲደርስ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር የኖርሁ ነኝና እንዲህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ወላጆችህ 2፥ አያቶችህ 4፥ ቅድመ አያቶችህ 8 ናቸው። እንዲሁ በእጥፍ እየጨመርህ ብትወጣ በሰባተኛው ቤት 128 ሰዎች ይቆሙልሃል። አንተ የጠራኸው አንዱን ነው፤ የቀሩት 127 እነማን ነበሩ? ከመካከላቸው ጋን የሠራች፥ ማረሻ የቀጠቀጠ እንደሌለ በምን ዐወቅህ?

ዘር አይወረስም አልልም። ግሪጎር ሜንዴል የሚባል መነኵሴ በዛሬዪቱ ቼክ አገር፥ በብርኖ ከተማ፥ በገዳሙ አትክልት ስፍራ አተር እየዘራ ይህን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1866 አሳተመ። ረጅሙን አተር ከአጭሩ ጋር ቢያዳቅል የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ረጃጅሞች ሆኑ። የእነዚህ ፍሬ ሲዘራ ግን 787 ረጃጅሞችና 277 አጫጭሮች በቀሉ። አጭርነቱ ተሰውሮ ቈይቶ ነበርና ተመልሶ ወጣ። ይህን የሚያስተላልፈውን ዛሬ ዘረመል እንለዋለን። ልጅ ግማሹን ከአባቱ፥ ግማሹን ከእናቱ ይቀበላል፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው። የዓይን ቀለም፥ የቁመት ልክ፥ አንዳንድ ደዌም በዚህ መንገድ ይወርዳል። ስለዚህ ከጋብቻ በፊት በቤተ ሰብ ስላለ ደዌ መጠየቅ ብልህነት ነው። ጨዋነትና ክብር ግን በማንም ዘረመል ተጽፎ አልተገኘም።

«ባለ እጆች ሌላ ዘር ናቸው» የሚልም አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ በሚኖረው በአሪ ሕዝብ ዘንድ ቀጥቃጮችና ገበሬዎች በልማድ አይጋቡም። ቀጥቃጮቹ ከቀድሞ የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው የሚሉ ምሁራን ነበሩ። ዘረመላቸው ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ግን ሁለቱ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች መሆናቸውን አሳየ። በመካከላቸው ልዩነት የታየው ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ በመጋባታቸው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልዩነቱን የወለደው ንቀቱ ራሱ ነው።

ልጆቼ፥ የምትወዱት ሰው ሥራ ወዳድ እንደ ሆነ፥ ቃሉን የሚጠብቅ፥ ለደካማ የሚራራ እንደ ሆነ መርምሩ። አጥንት ሊቈጥርባችሁ የመጣ ሽማግሌ ቢኖር በአክብሮት ወንበር ስጡትና የ128ቱን ስም አንድ በአንድ እንዲነግራችሁ ለምኑት።