ናዳ ከወረደ በኋላ መሮጥ ብቻውን ዕርዳታ አይደለም



ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን እናስታውሳለን። ከባድ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቱ፣ መምህሩ፣ የጤናና የግብርና ባለሙያው፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሳይቀር የተቀበሩትን ሊያወጡ ሮጡ። በአካፋና በባዶ እጃቸው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ሊረዱ የመጡ ነበሩ።

ያን ሳምንት ስልካችን በሐዘን ፎቶ ተሞላ። ገንዘብ አዋጣን፣ ልብስ ሰበሰብን። አላህ ይቀበለን። ግን እንጠያየቅ፦ መስከረም ሲጠባ ስንቶቻችን አስታወስናቸው? በቀጣዩ ክረምትስ?

ስንጠየቅ ሁለት ማመካኛ አናጣም።

አንደኛው «ቀደር ነው» የሚለው ነው። አዎ፣ ቀደር ነው። ግን ኡመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ሲባሉም፣ የሚሄዱት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሆነ አስረዱ። ቀደር ሟችን ለሸኘ ሰው መጽናኛ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ሲችል ለተቀመጠ ሰው ግን መደበቂያ አይሆንም።

ሁለተኛው «ማን ተዳፋት ላይ ስፈሩ አላቸው?» የሚለው ነው። ይህ ከከተማ ሶፋ ላይ የሚወረወር ድንጋይ ነው። ገበሬው ማሳው፣ እንሰቱ፣ ከብቱ እዚያ ነው። ምትክ መሬት ሳይሰጡ «ተነሱ» ማለት ከናዳና ከረሀብ አንዱን ምረጡ ማለት ነው።

ከአደጋው በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ከአካባቢው መነሳት እንዳለባቸው ገልጾ ነበር። የተነሳ ሰው የሚያርሰው መሬት፣ ዘር፣ በሬ፣ ውሃ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ይህን አንድ መኪና ብስኩትና አሮጌ ልብስ አይመልሰውም። ካሜራ ፊት ዱቄት የሚቀበል አባት ፎቶማ ጭራሽ ለእኛ እንጂ ለእሱ አይጠቅመውም።

ስለዚህ መዋጮአችንን እንከፋፍለው። ግማሹ ለመጀመሪያው ሳምንት ይሁን። ግማሹ ደግሞ ካሜራው ከሄደ በኋላ፣ በስድስተኛው ወር፣ ለዘርና ለበሬ ይዋል። የሚመለከተውን የመንግሥት አካልም «ምትክ መሬቱ የት ደረሰ?» ብለን ሳንሰለች እንጠይቅ። መጠየቅም ዕርዳታ ነው።

አሁኑኑ የምንችለውም አለ። ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከጋሞ፣ ከዳውሮ ተራሮች የወጣን ብዙ ነን። ክረምት ሳይገባ እናት አባታችሁ ጋ ደውሉ። ከቤቱ በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል? ዛፍ ወይም አጥር ዘምሟል? ያልነበረ ምንጭ ፈልቋል? የምንጩ ውሃ ደፍርሷል? ከነዚህ አንዱ ከታየ ለቀበሌው ይንገሩ፣ ዶፍ ሲወርድም ሌላ ቦታ ይደሩ። ናዳ ከወረደ ደግሞ ሁሉም ባንድ ላይ አይግባ፤ ሽቅብ የሚያይ፣ የሚጮህ ሰው ይቁም። ሁለተኛ ናዳ ሊከተል እንደሚችል ጎፋ ላይ አይተናል።

የዚያን ቀን የሮጡት ሃይማኖትና ጎሳ አልጠየቁም። የጎረቤታቸውን ሐቅ በነፍሳቸው ከፈሉ። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያ በጣም ያንሳል፤ እሱን እንኳ አንንፈግ።