ስለ አሮጌ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር አያያዝ



ስለ አውቶሞቢል ዋጋ መወደድና ስለ ቀረጡ መክበድ በየቢሮውና በየሻይ ቤቱ ብዙ ይነገራል። እኔ በዚህ ደብዳቤ ለመናገር የፈለግሁት ገና ስላልተገዛው ሳይሆን ቀድሞ በእጃችን ስላለው ነው፤ ይኸውም በአራቱም ጎማ ስለሚጎትተውና ሰው ሁሉ ፎር ዊል ብሎ ስለሚጠራው አሮጌ መኪና አያያዝ ነው። ስለዚህ ከተከበረው ጋዜጣችሁ ጥቂት ቦታ እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የባለመኪናው የግል ጣጣ ብቻ ተደርጎ እንዳይቈጠር አስቀድሜ ምክንያቱን ላስረዳ። ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ መጠን ቀረጡ ከፍ እንዲል የሚያደርገው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 በ2012 ዓ.ም. ወጣ። ከሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ በየደረጃው እየተነሣ ሄደ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ናረ። እነዚህን አራት ነገሮች አንድ ላይ አስተያይቶ ለተመለከተ ሰው ውጤቱ ግልጽ ነው። ዛሬ በግቢያችን የቆመው ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር ሲሞት በቦታው እርሱን የመሰለ ሌላ ከወደብ ይመጣል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

የውሳኔውን ምክንያት የምነቅፍ አይደለሁም። ነዳጅን በሙሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አገር፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ የመሰለ የኤሌክትሪክ ምንጭ እያለው መኪናውን በገዛ ወንዙ ለማስኬድ ቢያስብ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን የኤሌክትሪኩ መኪና አስቀድሞ የሚጠቅመው አስፋልትና የኤሌክትሪክ መሥመር ያለውን ከተማ ነው። በነሐሴ ጭቃ ምጥ የያዛትን ሴት ከገጠር ቀበሌ አንሥቶ ሆስፒታል የሚያደርሰው የወረዳው አምቡላንስ፣ የክትባት መድኃኒት የሚያጓጕዘው፣ የፈተና ወረቀት ይዞ ወንዝ የሚሻገረው አብዛኛውን ጊዜ ያው አሮጌው ላንድክሩዘር ነው። ስለዚህ ይህ መኪና ገና ብዙ ዓመት መኖር ይገባዋል፤ የሚኖረውም በጋራዥ ብቻ ሳይሆን በያዘው ሰው እጅ ነው።

ደግሞም እነዚህ መኪናዎች ሲሠሩ የታሰበው ይኸው ነበር። ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ኤግዚቢሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲታይ የተዘጋጀው ለእርሻ ሥራ ስለ ነበር፣ ከጋራዥ ርቆ የሚኖር ገበሬ በጥቂት መፍቻ ሊፈታው እንዲችል ቀላል ተደርጎ ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የብረት እጥረት ስለ ነበረ አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት። በዚህም ምክንያት ዛሬ ላዩ ደኅና መስሎ እየታየ ከሥሩ ያለው የብረት ቻሲስ በዝገት የተበላ ላንድሮቨር ብዙ ነው። የሚገዛ ሰው ቀለሙን ትቶ በጀርባው ተኝቶ ከሥር ቢመለከት ይሻለዋል።

በቤት ሊሠራ የሚችለው ሥራ ከሚታሰበው የበዛ ነው። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ መለወጥ፣ ለክሮቼራዎች ግራሶ መስጠት፣ የአየር ማጣሪያውን አቧራ ማራገፍ፣ ቺንጊያው አለመሰንጠቁን ማየት፣ የባትሪውን ጫፍ ማጽዳት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው። ስለ እነዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ባለመኪናው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የሚጎድለው ማድረጉ ነው። ብዙ ጊዜ የማይታወቀውና ከፍ ያለ ጥፋት የሚያመጣው ግን የፊተኛው እግር ጉዳይ ነው።

በአብዛኞቹ አሮጌ ላንድክሩዘሮችና በቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች የፊትና የኋላው እግር በረዳት ካምቢዮው አማካይነት ሲያያዙ በመካከላቸው ልዩነት የሚያስተካክል ነገር የለም። መኪና ሲጠመዘዝ የፊተኞቹ ጎማዎች ከኋለኞቹ ሰፋ ያለ ክብ ይዞራሉ፤ በኮምፓስ ሁለት ክብ የሣለ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። በጭቃ ወይም በአሸዋ ላይ ጎማው ጥቂት ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይካካሳል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሬቱ ጎማውን ስለሚይዘው ኃይሉ ሁሉ በትራስሚሲዮኑና በክሮቼራዎቹ ላይ ይጠራቀማል። መሪው ይከብዳል፣ ማርሹ አልወጣ ይላል፣ በመጨረሻም አንዱ ይሰበራል። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ፎር ዊል አስገብቶ መንዳት ጕልበት የሚመስለው ሰው የሚያፈርሰው የገዛ መኪናውን ነው። ዲፌንደርና ላዳ ኒቫ በመካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል ስላላቸው ሁልጊዜ በአራቱም ይሄዳሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ መቈለፊያው ከገባ በኋላ በአስፋልት ላይ ከዚህ ጣጣ አያመልጡም።

በሌላ በኩል ደግሞ ፎር ዊሉን ከነጭራሹ የማያስገባ ሰው አለ። ይህ የከተማው የመንግሥት ሠራተኛ ልማድ ነው። መኪናው ዓመት ሙሉ በኋላ እግሩ ብቻ ሲሄድ በፊተኛው እግር ውስጥ ያለው ዘይት ከታች ረግቶ ይቀራል፤ ከላይ ያሉት ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ይደርቃሉ፤ ዘይት የሚይዘው ጎማ መሰል ቀለበትም ይጠነክራል። ከዚያ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ማርሹ እንቢ ይላል። ለዚህ ነው የቶዮታ የመኪና መያዣ መጽሐፍ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በአራቱም ጎማ መንዳት እንደሚገባ የሚያዝዘው። ከከተማ ወጣ ብሎ በጠጠር መንገድ ላይ ይህን ማድረግ ከነዳጁ በቀር ምንም ወጪ የለውም።

የወንዙን ነገር ደግሞ ተማሪዎቼን ስለ ሙቀት በማስተምርበት ጊዜ ሁሉ እንደ ምሳሌ አነሣዋለሁ። ረጅም መንገድ የሄደ መኪና ዲፈረንሻሉ ይግላል፤ በውስጡ ያለው አየርም ይስፋፋና በላይ ባለችው መተንፈሻ በኩል ይወጣል። ወዲያው ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተራል፤ መተንፈሻዋ በጭቃ ከተደፈነች ወይም ከውኃው በታች ከሆነች ዲፈረንሻሉ ውኃውን እንደ መርፌ ይስበዋል። ውኃ የገባበት ዘይት ወተት የጨመሩበት ቡና ይመስላል፤ እንዲህ ሆኖ ከታየ በዚያው ሳምንት መለወጥ ነው እንጂ ነገ ዛሬ ማለት ጥርሱን ማስበላት ነው። መተንፈሻዋን በሽቦ ማጽዳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ አድርጎ ማሰር ደግሞ ከዚያ የተሻለ ነው።

ስለ ራዲያተር አንድ ልማድ መነቀፍ ይገባዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሞተር ውስጥ ያለው ውኃ ከዚያ አልፎ ሳይፈላ የሚቈየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው። እንግዲህ የክዳኑ ላስቲክ ሲያረጅ መኪናው ይፈላል፤ መካኒኩም ክዳኑን በመለወጥ ፈንታ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሲቀዘቅዝ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ፒስቶኑም ቶሎ ያልቃል። በአንዳንድ ሞተር ላይማ ውኃው ወደ ራዲያተሩ ሳይደርስ በአቋራጭ ስለሚመለስ መፍላቱን ያብሰዋል። የናፍጣ መኪና በከፍተኛ ቦታ ጥቁር ጢስ ማብዛቱም አየሩ ስስ በመሆኑ ነው፤ ፖምፓው ለባሕር ዳርቻ አየር የተለካውን ናፍጣ ሲሰጥ ሁሉም አይቃጠልም። ስለዚህ ሞተሩ አለቀ ብሎ ከመፍታት በፊት የአየር ማጣሪያውን ማየትና ፖምፓውን በዐዋቂ ማስተካከል ይቀድማል።

አሁን ደግሞ በቤት መሥራት አደጋ ስለሚሆንበት። ክሪክ መኪና ማንሻ ነው እንጂ መኪና መያዣ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ነፍስን ማስያዝ ነው። በቀድሞው ላንድሮቨር ላይ ይህ ነገር በእጥፍ ይብሳል። የእጅ ፍሬኑ ጎማዎቹን የሚይዝ ሳይሆን ከረዳት ካምቢዮው በስተኋላ ትራስሚሲዮኑን የሚይዝ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሣ ትራስሚሲዮኑ ቢያዝም እንኳ ዲፈረንሻሉ የተነሣውን ጎማ ወደ ኋላ እያዞረ ሌላውን ወደ ፊት ይለቀዋል። የእጅ ፍሬን ስቤአለሁ ብሎ የተማመነ ሰው መኪናው በላዩ ላይ ሲንከባለል ያገኘዋል። ከፊትና ከኋላ ታኮ ማድረግ፣ በብረት መቆሚያ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። የፍሬንና የመሪ ሥራ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር በቤት አይሞከር፤ የፍሬኑን ዘይት ቢበዛ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ማስለወጥ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ከአየር ውኃ የሚጠጣ ዘይት ነውና።

ራቭ ፎርን የመሳሰሉ ሁልጊዜ በአራቱም የሚሄዱ መኪናዎች ያሏቸው ሰዎች ደግሞ ስለ ጎማ ይጠንቀቁ። ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ የታሰረበት መኪና የጎማዎቹ ዙሪያ ስለማይተካከል በመካከል ያለው ዕቃ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል። የጎማውን ዋጋ አውቃለሁ፤ የዲፈረንሻሉ ዋጋ ግን ከዚያ ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ስለ መኪናው የሚናገር ጽሑፍ አለመኖሩ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው ማኅደር ይከፈትለታል፤ የተቀጠረበት ቀን፣ ፈቃዱ፣ ማስጠንቀቂያው ሳይቀር ይጻፍበታል። ከሠራተኛው የብዙ ዓመት ደመወዝ በላይ ለሚያወጣው ላንድክሩዘር ግን ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠ የሚናገር አንድ ወረቀት አይገኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መኪናው ሲነሣ ጓ የሚል ድምፅ ስለ ሰማ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው፤ ካምቢዮው ተፈቶ ታደሰና የሦስት ወር ደመወዙን ከፈለ፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ትራስሚሲዮኑን በእጁ ወዝውዞ ክሮቼራው ማለቁን አሳየው። መዝገብ ቢኖር ኖሮ ክሮቼራው ግራሶ ካገኘ ሁለት ዓመት እንዳለፈው በታየ ነበር። ስድሳ ገጽ ያለው ደብተርና አንድ እርሳስ ለዚህ ይበቃሉ፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተሠራው ሥራ፣ የተከፈለው ገንዘብ ይጻፍበት። በተለይ ዋን ኤች ዜድ የተባለው የናፍጣ ሞተር ያለበት ላንድክሩዘር የታይሚንግ ቺንጊያው በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ ስላለበት፣ ያለ መዝገብ የተገዛ ከሆነ ገዢው ሳይጠይቅ ቢለውጠው ይሻላል፤ ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስቶኑ ይጋጫሉ፤ ቴስታታውም ይበላሻል።

ስለ ተቃጠለው ዘይት ደግሞ እናስብበት። ከሞተር የወጣ ዘይት በግቢ መሬት ላይ ወይም በጎርፍ መሄጃ ቦይ ውስጥ ሲፈስስ የሚደርሰው ወደ አቃቂ ወንዝ ነው፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ አንዱ ክፍል ከአቃቂ ጕድጓዶች የሚቀዳ መሆኑን አንርሳ። በጄሪካን አጠራቅሞ ለሚሰበስቡ ሰዎች መስጠት ይቻላል።

ከባለ ሥልጣኖች የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ለእነዚህ መኪናዎች አጭር የአያያዝ መጽሐፍ በአማርኛ እንዲያዘጋጁ ነው፤ ሹፌሩና ባለመኪናው የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ በጓንት ሣጥን ውስጥ ዘግተውበት እንደሚኖሩ የታወቀ ነውና። ቃላቱም ሰው የሚናገራቸው ይሁኑ። ክሮቼራ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ ብሎ የሚያውቀውን ሰው በአዲስ የተፈጠረ ቃል ማደናገር ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ በሣር ተውጠው የቆሙትን ላንድክሩዘሮች ይመለከታል። አንዳንዱ የቆመው አንዲት ዕቃ ጠፍታ ነው። በአንዱ መሥሪያ ቤት ግቢ ካምቢዮው ደኅና የሆነ ሞተሩ የተሰበረ፣ በሌላው ደግሞ ሞተሩ ደኅና የሆነ ካምቢዮው የተሰበረ መኪና ለየብቻው ዝናብ ሲወርድበት ይከርማል፤ ከዚያ ሁለቱም በሐራጅ ይሸጣሉ፤ ዕቃቸውም ሶማሌ ተራ ደርሶ መልሶ በውድ ዋጋ ለመንግሥት ይቀርባል። ከሐራጁ በፊት መሥሪያ ቤቶች ያላቸውን ዝርዝር ቢለዋወጡና ከሁለት አንድ የሚሄድ መኪና ቢያወጡ የሚከለክላቸው ሕግ ካለ ሕጉ ይሻሻል። እስከዚያው ግን የየመሥሪያ ቤቱ የስምሪት ክፍል ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የእያንዳንዱን ፎር ዊል የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል መክፈቻ ፈትቶ የዘይቱን መልክ ቢያይ፣ ወተት የመሰለውንም ወዲያው ቢለውጥ፣ ለዚህ ፈቃድ መጠየቅም ሆነ በጀት መጠበቅ አያሻውም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ