መናፈሻው የማን ነው?

አንድ ሰው ቤት ለመሥራት ባሰበ ጊዜ በሩ ወዴት ይዙር፣ ማድቤቱ ከየት ይሁን፣ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባ ወይስ ነፋስ ይከልል ብሎ ከቤተ ሰቡ ጋር ይመክራል። ሳይመክር የሠራ እንደ ሆነ ማድቤቱ ሲጠብ ባለቤቱ ታዝናለች፤ ግቢው ሲጨናነቅ ልጆቹ መጫወቻ ያጣሉ፤ እርሱም ያፈሰሰው ገንዘብ ይቆጨዋል። ምክክር ለአንድ ቤት ይህን ያህል የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የብዙ ቤቶች የጋራ ሀብት ለሆነው የሠፈር መናፈሻ ምን ያህል ይበልጥ እንደሚያስፈልግ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የሠፈር መናፈሻ ሲታቀድም ሆነ ሲሻሻል፣ ፕላኑ ከመነደፉ በፊት ነዋሪው ሐሳቡን መስጠት አለበት፤ በውሳኔውም ተካፋይ መሆን ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን በምክንያት አስደግፎ ማስረዳት ነው።

ነገሩ በግልጽ እንዲታያችሁ በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ በስተደቡብ የምትገኘውን በቆጂን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት። ብርዷ ብርቱ ነው፤ ክረምቷም ጭቃማ። ዙሪያዋ ገብስና ስንዴ የሚዘራበት ለም መሬት ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የማራቶን ባለድል የሆነችው ፋጡማ ሮባ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቁት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የፈለቁት ከበቆጂና ከአካባቢዋ ነው። የእነርሱን ፈለግ የሚከተሉ ወጣቶችም በአፈር መንገድ፣ በሣር ሜዳና በባሕር ዛፎች መካከል ሲሮጡ ይታያሉ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለች ከተማ አንድ ክፍት ሜዳ ወደ መናፈሻነት እንዲለወጥ ታሰበ እንበል። ፕላኑን እንዲነድፍ የታዘዘው መሐንዲስ ደግሞ ሥራውን የተለማመደው ሞቃት በሆነ የቆላ ከተማ ነው። ይህ ሰው በቅን ልቡና ጥላው የሰፋ ዛፍ ይተክላል፤ አግዳሚ ወንበሮቹን ከዛፉ ሥር ይደረድራል፤ መሬቱን በጥርብ ድንጋይ ያለብሳል፤ ዙሪያውን በአጥር ይከልላል። ሥራው ሲጠናቀቅ ለዓይን ያማረ ይሆናል። ነገር ግን የደጋ ሽማግሌ ጧት ከቤቱ የሚወጣው ፀሐይ ሊሞቅ እንጂ ጥላ ሊፈልግ አይደለም። ለሚሮጥ ልጅም ድንጋይ ጉልበትን የሚጎዳ ነገር ነው፤ ለእርሱ የሚበጀው ለስላሳ አፈርና ሣር ነው። በሜዳው አቋርጣ ገበያ የምትሄደው እናት አጥሩ መንገዷን ያረዝምባታል። በክረምት ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ የሚያውቀው ደግሞ ሃያ ዓመት በዚያ የኖረው ጎረቤት ነው። መሐንዲሱ ሙያ ስለጎደለው አልተሳሳተም፤ የጎደለው ነዋሪው የሚያውቀውን ማወቅ ነው። ያንን ደግሞ ከመጠየቅ በቀር በሌላ መንገድ ሊያገኘው አይችልም።

ባለጉዳዩ ያልተካፈለበት ዕቅድ፣ ዓላማው መልካም ቢሆን እንኳ፣ ያልታሰበ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል የአርሲ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመውና በተለምዶ «ካዱ» እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር በማቅረብ አነስተኛውን ገበሬ ለመርዳት የታሰበ ነበር። ምርቱም በርግጥ አደገ። ይሁን እንጂ መሬቱ ትርፍ እንደሚያስገኝ የተረዱ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። ጭሰኛው በመሬቱ ላይም ሆነ በዕቅዱ ላይ ድምፅ አልነበረውም። የመናፈሻና የእርሻ ጉዳይ መጠኑ እንደሚለያይ አይካድም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። «ይህን ለእነርሱ እንሠራለን» ከማለት በፊት «እነርሱ ምን ይላሉ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የአዲስ አበባን ሁኔታ እናገኛለን። በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፈቱ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት አማካይነት በየመንገዱ ዳር የእግረኛ መንገዶች፣ አረንጓዴ ሥፍራዎችና የሕፃናት መጫወቻዎች ተሠርተዋል። ልጆች በማታ ብርሃን ሲጫወቱ ማየት የሚያስደስት ነው። በአንጻሩም ለዚሁ ሥራ ቤታቸው ከፈረሰባቸው ነዋሪዎች መካከል በቂ ጊዜና በቂ ምክክር አላገኘንም የሚል ቅሬታ ተሰምቷል። አስተዋይ አንባቢ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አይመለከትም። ከተማን ማስዋብና ነዋሪን ማዳመጥ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ እንዲያውም ሁለተኛው ሲጓደል የፊተኛው ደስታ ጎዶሎ ይሆናል።

ከዚህም በላይ ጉዳዩ የሕግ መሠረት አለው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92ም በቀጥታ የሚነካቸው የአካባቢ ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲገልጽ ይፈቅዳል። እንግዲያውስ ነዋሪውን መጠየቅ የባለሥልጣኑ ቸርነት አይደለም፤ ግዴታው ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ሦስት ምክንያቶችን ያቀርባሉ። አንደኛ፣ ስብሰባ ሥራን ያጓትታል ይላሉ። በርግጥ ያጓትታል፤ ነገር ግን በሦስት ሳምንት ምክክር የሚገኘው ዕውቀት፣ የተሠራውን አፍርሶ እንደገና ከመሥራት ያድናል። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ የፕላን ሙያ የለውም ይላሉ። ታዲያ በሽተኛም የሕክምና ሙያ የለውም፤ ሐኪሙ ግን «የት ላይ ያምሃል?» ሳይለው መድኃኒት አያዝለትም። ሦስተኛ፣ ነዋሪው እርስ በርሱ አይስማማም ይላሉ። ይህ እውነት ነው። እግር ኳስ ተጫዋቹ ሜዳ፣ ሽማግሌው ጸጥታ፣ ባለ ጋሪው ፈረሱን የሚያቆምበት ቦታ ይሻል። ነገር ግን አለመግባባቱ በወረቀት ላይ ቢፈታ ይሻላል፤ ሳይፈታ የቀረ እንደ ሆነ በተሰበረ ወንበርና በተነቀለ ችግኝ ይገለጣል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። የመናፈሻ ባለቤት ነዋሪው ነው፤ ባለቤትነቱ ካልተሰማው ግን አጥሩ ሲነቀነቅ ቆሞ ያያል።

ምክክር ሲባል ግን ሕዝብን ሰብስቦ ያለቀ ነገር ማስጨብጨብ ማለት አይደለም። ሼሪ አርንስቲን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ የሕዝብን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላዋለች። ከታች የይስሙላ ተሳትፎ አለ፤ ከመካከል መነገርና መጠየቅ ይገኛል፤ ነዋሪው በውሳኔ የሚካፈለው ግን ከላይኞቹ እርከኖች ሲደርስ ነው። ይህ አስተሳሰብ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ጉዳይ በጉባኤ ይመከርበታል። የአርሲ ሴቶችም በደል ሲደርስባቸው ሲንቄያቸውን ይዘው ወጥተው ድምፃቸው እንዲደመጥ የሚያደርጉበት የቆየ ባህል አላቸው። የሴቶችን ቃል ሳይሰማ የሚወሰን የሠፈር ጉዳይ እንግዲህ ከዚህ ባህል ያነሰ ይሆናል።

በተግባርም መንገዱ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ቦታውን በልዩ ልዩ ሰዓትና በገበያ ቀን እየተመላለሱ ማን እንደሚጠቀምበት ማየት ነው። ቀጥሎ ማስታወቂያው ነዋሪው በሚናገረው ቋንቋ፣ በበቆጂ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ይነገር። የስብሰባው ሰዓት ለእናቶችና ለተማሪዎች የሚመች ይሁን፤ እድሮችም ይጠየቁ። የታሰበው ነገር በሜዳው ላይ በኖራ ተሠምሮ ይታይ፤ ፕላን ማንበብ የማይችለው ሰው መሬት ላይ ያለውን መስመር ማንበብ ይችላልና። በመጨረሻም የትኛው ሐሳብ እንደ ተወሰደና የትኛው እንደ ተተወ ከነምክንያቱ ለነዋሪው ይነገር። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፤ ሐሳቡ የት እንደ ደረሰ ያልተነገረው ሰው ግን ሁለተኛ ጊዜ ቢጠሩት አይመጣም።

ተማሪዎች ሆይ፤ ይህ ጉዳይ ለአዋቂዎች ብቻ የተተወ እንዳይመስላችሁ። በሜዳው ላይ ከማንም ይልቅ የምትውሉት እናንተ ናችሁ። በሠፈራችሁ ያለውን ክፍት ቦታ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ ማን እንደሚቀመጥበት፣ ማን እንደሚሮጥበት፣ ማን እንደሚፈራው መዝግቡ፤ ከዚያም ሐሳባችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ ጻፉና ለቀበሌው ወይም ለማዘጋጃ ቤቱ አቅርቡ። ሐሳባችሁ ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት ባያገኝ አትዘኑ። ነዋሪው መጠየቅ እንዳለበት ባለሥልጣኑ የሚለምደው፣ ነዋሪው ሳይጠየቅም ቢሆን መናገርን ሲለምድ ነው።