ከጓዳችን፦ ኮክና ዳቦ በአንድ ድስት

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ነቀዝና ስለ ጎተራ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከጎተራው ትንሽ ዱቄት ይዘን ወደ ምድጃው እንሄዳለን። ነገራችን ስለ ኮክ ነው።

ኮክ የሚበስለው በክረምት ነው። ሲበስልም አብዛኛው በአንድ ጊዜ ነው። አንድ ሳምንት ዛፉ ሙሉ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት መሬቱ ሙሉ ነው። ዝናብ ያወርደዋል፤ ወፍ ይበሳዋል፤ ጥጃ ይረግጠዋል። ልጆችም እስኪበቃቸው ይበሉታል። የቀረውን በቅርጫት አድርገን ወደ ገበያ እንወስዳለን። መንገዱ ጭቃ ነው። አህያዋ ስትንገዳገድ ቅርጫቱ ይናጣል። ኮክ ደግሞ እንደ ድንች አይደለም። ገበያ ሲደርስ የላዩ ደህና ነው፤ የታቹ ተጨፍልቋል። ገዢው ቅርጫቱን አገላብጦ ጥሩ ጥሩውን ይለቅማል። የተጨፈለቀው ለባለቤቱ ይቀራል።

በጎንደር ከተማ በቅዳሜ ገበያ ይህን በዓይናችን አይተናል። አንዲት እናት ወደ ማታ ላይ የቀረ ኮካቸውን ዳር ወስደው ሊደፉት ነበር።

«ምነው እናታችን፣ ይደፉታል እንዴ?» አልናቸው።

«ታዲያ ምን ላድርገው ልጆቼ? ወደ ቤት ብመልሰው ነገ ይሸታል» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ነገ ይሸታል። ዛሬ ግን አልሸተተም። እንግዲህ ለዚያች ለአንዲት ማታ የሚሆን ነገር እንነግራችኋለን።

የተጨፈለቀ ኮክ ከድስት ሥር ይደረጋል። በላዩ ላይ የዳቦ ሊጥ ይደረጋል። ከዚያ ከታችም ከላይም እሳት አግኝቶ ይጋገራል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከሥሩ ፍሬ፣ ከላዩ ዳቦ።

ይህን ዓይነት ምግብ አሜሪካኖች ኮብለር ይሉታል። ስሙ ቢከብድም ሥራው ቀላል ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በአሜሪካ ብዙ ሰፋሪዎች በጋሪ ወደ ምዕራብ ይጓዙ ነበር። በመንገድ ላይ የዳቦ ምድጃ አልነበራቸውም። የነበራቸው ባለ ሦስት እግር የብረት ድስት ነው። የድስቱ ክዳን ዙሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ፍም ይይዛል። ያገኙትን ፍሬ ከሥር አድርገው፣ ሊጥ ከላይ ጥለው፣ ከታችም ከላይም ፍም አድርገው ይጋግሩ ነበር። ይህን ስንሰማ እኛ ሳቅን። ፍም ከላይ ማድረግ ለአገራችን ሴቶች አዲስ ነገር ነው እንዴ? ድፎ ዳቦ በምን ይጋገራል? ከታች እሳት፣ ከላይ እሳት አይደለም?

ስቀን ግን መልሰን ተሳሳትን። እኛ የዚህ ዓምድ አዘጋጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሞክረው እንዲህ ሆነ። ኮኩን ከተፍን። ሊጡን ከገብስ ዱቄት ብቻ አቦካን። ድስቱን ጉልቻ ላይ ጥደን እንጨቱን ከሥር አነደድንበት። ከላይ ምንም አላደረግንም። ቸኩለን ነበር። ጥቂት ቆይቶ የማረር ሽታ መጣ። ከፍተን ብናይ የሥሩ ስኳር ከድስቱ ጋር ተጣብቆ ጠቁሯል። ላዩ ግን እንደ ተቦካ ነጭ ሊጥ ነው።

አንዲት ጎረቤታችን ሽታው ጠርቷቸው መጡ።

«ምን እያቃጠላችሁ ነው ልጆቼ?»

«የኮክ ዳቦ ነው እማማ።»

«ላዩንስ ማን ሊያበስልላችሁ ነው? በሉ ያን እንጨት ከሥር አውጡት። ፍሙን ወደ ላይ!»

ፍሙን ወደ ላይ አደረግነው። ላዩ በሰለ። «እስቲ ይቅመሱልን» አልናቸው። ቀመሱና «ኮኩ ጎሽ ነው፤ ዳቦው ግን ጥርስ ላለው ነው» አሉ። እሳቸው ጥርስ አልነበራቸውም።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንደኛው እሳቱ ነው። ሁለተኛው ገብሱ ነው። ገብስ ጥሩ እህል ነው። በደባርቅና በዳባት፣ ወደ ስሜን ተራሮችም በኩል ገብስ የሌለበት ቤት አይገኝም። ግን የገብስ ሊጥ እንደ ስንዴ ሊጥ አይለጠጥም። ሊጥ የሚነፋው በውስጡ ያለው አየር ተይዞ ሲቀር ነው። የማይለጠጥ ሊጥ አየሩን አይዝም። ስለዚህ ገብስ ብቻውን ሲጋገር ድርቅ ይላል። ሁለት እጅ ስንዴ፣ አንድ እጅ ገብስ አድርጉ። ሱቅ ቅርብ ከሆነና ፉርኖ ዱቄት ካለ ደግሞ እሱም ይሆናል። ፉርኖ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በቋንቋቸው የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ በነበረበት ጊዜ ብዙ ቃል ትቶብን ሄዷል። ፒያሳም ከዚያው ነው። ኮክ የሚለው ስም ግን ከዐረብኛ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ይህ ለስድስት ሰው ይበቃል። መለኪያችን የውሃ ብርጭቆ ነው። ቁጥሩን በደንብ አንብቡት፤ በግምት ከሠራችሁት እንደኛ ይሆናል።

ኮክ 1 ኪሎ ያህል። ትንንሽ ከሆነ 20 ፍሬ ይሆናል። ዱቄት 3 ብርጭቆ። ለብ ያለ ውሃ 1 ብርጭቆ ተኩል። እርሾ 1 የቡና ስኒ። ስኳር 6 የሾርባ ማንኪያ፤ ሦስቱ ለኮኩ፣ ሦስቱ ለሊጡ። ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ኮረሪማ ካለ ሁለት ፍሬ ፈልፍላችሁ ውቀጡ። ከሌለም ይቅር።

ማታ ከገበያ ስትመለሱ መጀመሪያ ኮኩን ለዩ። የተጨፈለቀው ይሆናል። ሻጋታ ያወጣው፣ ኮምጥጦ የሚሸተው፣ ትል የገባበት አይሆንም። የጠቆረውን ቦታ በቢላ አንሱለት። እጠቡት። ፍሬውን አውጡ። ቆዳውን መላጥ አያስፈልግም፤ ሲበስል ይለሰልሳል። ከግማሽ ብርጭቆ ውሃና ከሦስት ማንኪያ ስኳር ጋር ድስት ውስጥ አድርጋችሁ በቀስታ አብስሉት። እስኪለሰልስ ብቻ ነው። ከበሰለ በኋላ ከድኑትና ቀዝቃዛ ቦታ ይደር። አንዴ ከበሰለ እስከ ጠዋት አይበላሽም።

በዚያው ማታ ሊጡን አቡኩ። ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ሦስቱን ማንኪያ ስኳር፣ ጨውን፣ ዘይቱንና ውሃውን አንድ ላይ ምቱ። ከእንጀራ ሊጥ ይወፍራል፤ ከድፎ ሊጥ ይቀጥናል። በማንኪያ ሲያነሱት ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆን አለበት። ደጋ ላይ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ስለዚህ ከምድጃው አጠገብ ከድናችሁ አሳድሩት።

ጠዋት ኮኩን እንደገና አፍሉት። ይህችን ነገር አትርሱ። ኮኩ እየፈላ እያለ ነው ሊጡ የሚጣለው። ኮኩ ቀዝቃዛ ከሆነ የሊጡ ሆድ ሳይበስል ይቀራል። ላዩ ቀልቶ ያታልላችኋል፤ ሲቆረስ ግን ውስጡ ሊጥ ነው።

ሊጡን በትልቅ ማንኪያ እየቀዳችሁ እዚህም እዚያም ጣሉት። ድስቱን ሙሉ በሙሉ አታልብሱት። በመካከሉ ትንሽ ትንሽ ክፍት ቦታ ተዉ። እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል። ከዚያ ክደኑ። ክዳኑ የብረት ቢሆን ጥሩ ነው። አክንባሎም ይሆናል። ከታች ጥቂት ፍም ብቻ ተዉ፤ ነበልባል አይኑር። ከላይ ግን ክዳኑ ላይ ደህና አድርጋችሁ ፍም በትኑ። ከታች አንድ እጅ ከሆነ ከላይ ሁለት እጅ ይሁን። ስኳር ያለበት ነገር ከሥር ቶሎ ያራል።

ስንት ሰዓት ይቆያል? ሰዓት ያለው ሰው 40 ደቂቃ ይቁጠር። ሰዓት የሌለው ቡና ያፍላ። ቡናው ሲቆላ ድስቱን ጣዱ። ቶናው ሲቀዳ ክዳኑን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ንጹሕ ቀጭን እንጨት ዳቦው ላይ ሰክታችሁ አውጡ። ሊጥ ይዞ ከወጣ መልሳችሁ ክደኑ። ደረቅ ከወጣ በስሏል። በረካውን ከሱ ጋር ትጠጣላችሁ።

የደጋ ሰው ትንሽ ይታገሥ። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከፍ ወዳለ አገር በወጣን ቁጥር ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ጎንደር ከተማ ከባሕር በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደባርቅ ወደ 2800 ሜትር ነው፤ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የደባርቅ ውሃ እየተንተከተከ ቢታይም ሙቀቱ ከመተማ ውሃ ያነሰ ነው። መተማ ቆላ ነውና። ባቄላ ደጋ ላይ ለምን አልበስል እንደሚል አሁን ገባችሁ አይደል? ኮኩም እንደዚሁ ነው። ጨመር አድርጋችሁ ጠብቁት።

እርሾ ከሌለ ሱቅ የሚሸጠው ቤኪንግ ፓውደር ይሆናል። ፓኮውን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ባለሱቁን ጠይቁ። ቀኑ ያለፈበት ሊጥ አይነፋም። ከጠረጠራችሁ ትንሽ ሙቅ ውሃ ላይ ጣል አድርጉት፤ ካልፈላ አትግዙት፣ ገዝታችሁም ከሆነ ጣሉት። ለሦስቱ ብርጭቆ ዱቄት ሌላው ሰው ሦስት የሻይ ማንኪያ ያደርጋል። ደጋ ላይ ሁለት ይበቃል። ከፍ ባለ አገር ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ ሲበዛበት ደግሞ ተነፍቶ መሐሉ ይሰምጣል። በዚህ የተሠራ ሊጥ አያድርም፤ ወዲያው ይጋገራል።

ዘይት ያልነው ሆን ብለን ነው። የኮኩ ወቅትና የፍልሰታ ጾም ይገናኛሉ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ነው። ስለዚህ ለሚጾም ቤት የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ነው። ለማይጾም ቤት፣ ጾሙም ሲያልፍ፣ ለጋ ቅቤ ይጥማል። ንጥር ቅቤ ግን አታድርጉበት። ነጭ ሽንኩርቱና ቅመሙ ከኮክ ጋር አይስማማም። አንድ ሰው ሞክሮት ነበር፤ ማን እንደሆነ አንናገርም። ስኳር ከሌለ ማር ይሆናል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበትን አትስጡ፤ ለሱ ይጎዳዋል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ስሙ። የኮክ ፍሬ ውስጡ ሲሰበር እንደ ለውዝ ያለ ነገር አለበት። ልጆች በድንጋይ እየሰበሩ ይበሉታል። ይህን ከልክሏቸው! ያ መራራ ነገር ሰውነት ውስጥ ሲገባ መርዝ ይሆናል። ሁለት ሦስት የቀመሰ ልጅ ላይታወቅበት ይችላል። ብዙ የበላ ግን ያስመልሰዋል፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ወላጅ ልጁን ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰድ። ኮኩን ስታበስሉ ፍሬውን ቁጠሩት። 20 ኮክ ከሆነ 20 ፍሬ መውጣት አለበት። ከዚያ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ቅበሩት። ችግኝ ለማፍላት የሚፈልግ ሰው የደህናውን ኮክ ፍሬ ይለይና ሳይሰብር ይትከል።

አንዳንድ ሰው «በነሐሴ ጎተራው ሳስቶ እያለ እናንተ ስለ ጣፋጭ ታወራላችሁ» ይለን ይሆናል። ልክ ነው፤ ነሐሴ ከባድ ወር ነው። እኛም ዱቄት ጨምሩ አላልንም። ሦስቱ ብርጭቆ ዱቄት ለልጆች ቁርስ የሚጋገረው የዚያው ዳቦ ዱቄት ነው። ለብቻው ሲጋገር ሦስት ልጅ ቢያጠግብ፣ ከኮኩ ጋር ሲሆን ለስድስት ይዳረሳል። ኮኩ ደግሞ ሊደፋ የነበረ ነው። ስኳሩ ግን ገንዘብ ነው። በደንብ የበሰለ ኮክ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ከስድስቱ ማንኪያ ሁለቱን ብትቀንሱ ምንም አይል።

እንጨቱንም እናስብበት። እኛ ለዚህ ብቻ ብላችሁ እሳት አንድዱ አንልም። እንጀራ የተጋገረበት ቀን ምድጃው ውስጥ ፍም ይቀራል። ወይም ለቡና የተቀጣጠለው አለ። በዚያ ይሠራ።

ድስቱ የሸክላ ከሆነ ከቀዝቃዛ ቦታ አንስታችሁ ፍም ላይ አታስቀምጡት፤ ይሰነጠቃል። በዳር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አሙቁት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቀች ናት። ከዚያ መንገድ ዳር ድስት ስትገዙ በጣታችሁ ቆርቆር አድርጉት። ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው። ከታፈነ ስንጥቅ አለበት።

ኮክ የሌለበት አካባቢ በእንጆሪም ይሠራል። እንጆሪ ውሃ ስለሚበዛው ውሃ አትጨምሩበት። በአጥር ላይ የሚበቅለው ኮሽምም ይሆናል፤ እሱ ግን ይኮመጥጣልና ስኳሩን የሚቆጥብ ሰው አይሞክረው።

ያቺን በቅዳሜ ገበያ ያገኘናቸውን እናት በሌላ ቅዳሜ አገኘናቸው። ነግረናቸው ነበርና «እንዴት ሆነ?» ብለን ጠየቅናቸው። «አንድ ዳር አረረብኝ» አሉ። «ልጆቹ ግን ያረረውንም ፍቀው በሉት። አሁን የተጨፈለቀውን አልደፋም፤ ጎረቤቴ ደግሞ የራሷን ልትሰጠኝ መጣች።»

በሚቀጥለው ሳምንት ዝናቡ ሲያባራ ኮክን ቆራርጦ በፀሐይ ስለ ማድረቅ እንነጋገራለን። እስከዚያው ንጹሕ ሰፌድና ስስ ጨርቅ አዘጋጁ።